ሥራ ቁጥር አራት

ኬኔ ቦርሳዋን ለሦስተኛ ጊዜ ዴስኩ ላይ ገለበጠችው። የሒሳብ ደብተር፣ የባዮሎጂ ደብተር፣ ክዳኑ የጠፋ እስክሪብቶ፣ ለዝናብ የያዘችው ላስቲክ። ሰማያዊው ደብተር የለም። የቦርሳውን ስፌት ሳይቀር በጣቷ ዳበሰች። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር በስፌት ቀዳዳ እንደማይሾልክ ታውቃለች፤ ግን የፈራ ሰው የማይፈልግበት ቦታ የለም።

«ምን ጠፋሽ?» አላት ፊራኦል ከኋላዋ ካለው ዴስክ ጎንበስ ብሎ።

«ደብተሩ።»

«የትኛው?»

ዞራ አየችው። ፊቷን ሲያይ ገባውና ማስቲካውን ማኘክ አቆመ።

ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ እንደተሰቀለ፣ ዳይሬክተሩ ኦቦ ጋሮማ ስለ ፈተና ይናገራሉ ሲባል ሌላ ነገር ተናግረው ነበር። ትናንት አንድ ክፍል ውስጥ ደግ ያልሆነ ጽሑፍ የያዘ ደብተር ተገኝቷል፤ ባለቤቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ በገዛ እግሩ ቢሮ ይምጣ፤ ካልመጣ ነገሩ ከእጄ ይወጣል። ይህን ብለው ድምፅ ማጉያውን መለሱ። ያኔ ኬኔ የአንዱ ጎረምሳ የፍቅር ደብዳቤ መስሏት አጠገቧ የቆመችውን ራሄልን በክርኗ ጎሰም አድርጋ ስቃ ነበር። አሁን የተገኘው ደብተር የእሷ እንደሆነ ገባት።

ደግሞ እኮ ጨዋታ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

ነገሩ የተጀመረው ኔትወርክ በጠፋበት ዘመን ነው። ፊራኦል አጎቱ ቤት በነበረች አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ ጥቂት ተጓዦች ተባብረው ከጭራቅ ጋር የሚዋጉበት ጌም ይጫወት ነበር። ኮምፒውተሯ አንድ ቀን ጭስ አውጥታ ስትሞት ሦስት ቀን እንደ ሐዘንተኛ ዞረ። በአራተኛው ቀን ሁለት የሉዶ ዳይስ ይዞ መጣና «አቦ፣ በወረቀት ብንጫወት ማን ይከለክለናል!» አለ። ከዚያ ወዲህ እሱ ተራኪ ሆነ። እሱ ይተርካል፣ ሦስቱ ይወስናሉ፣ ዳይሱ ይፈርዳል። የነጋዴው ልጅ አብዱ ጋሻ ይዞ ከፊት ይቆማል። ራሄል እሳት ትወረውራለች። ኬኔ ፈዋሽ ናት።

ደብተሩን የምትይዘውም ኬኔ ናት። ማን ስንት ድግምት እንደቀረው፣ የትኛው የራስ ቁር ስንት ምት እንደሚችል፣ በር ሲከፈት ማን የት እንደሚቆም የምትጽፈው እሷ ናት። መሸነፍ አትወድም። አብዱ በሩን በጋሻው ይሞላዋል፤ ጠላት በመንጋ ሳይሆን አንድ በአንድ እንዲገባ ነው። ራሄል ከእሱ ትከሻ በላይ ትወረውራለች፤ ትልቁን እሳት ግን በመጀመሪያው ክፍል አታባክነውም፤ እዚያ የጨረሰ በመጨረሻው ክፍል ባዶ እጁን ይቀራልና። ፈዋሽ ከሁሉም ኋላ ትቆማለች። እሷ ከወደቀች የሚያነሳት የለም። ይህን ሕግ ያወጣችው ራሷ ኬኔ ናት፤ እውነቱን ለመናገር ግን ኋላ መቆሙ ለእሷም ይመቻት ነበር።

ራሄል ሌላ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ከእናቷ ጋር ግጭት ሸሽተው ከኪራሙ ሲመጡ የያዙት የለበሱትን ብቻ ነበር። ዛሬም የባጃጅ ጎማ በፈነዳ ቁጥር ዴስክ ሥር ትገባለች፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ጨዋታው ላይ ግን በር በመጣ ቁጥር «ቆዩ፣ እኔ ልክፈተው!» የምትለው እሷው ናት። ኦሮምኛዋ ገና ስለሚደናቀፍ ጨዋታውም ደብተሩም ለእሷ ሲባል በአማርኛ ሆነ።

ችግሩ የኬኔ እናት ነበረች። ድርቤ በቤተ ክርስቲያን የሴቶች ጸሎት መሪ ናት። «ድግምት» የሚል ቃል ቤቷ ውስጥ ካገኘች ደብተሩን ብቻ ሳይሆን ደብተሩ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ጭምር ታቃጥላለች። ስለዚህ ኬኔ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብላ ሁሉንም አዲስ ሰማያዊ ደብተር ላይ ገለበጠችው፤ ስትገለብጥም የሚያስነቅፈውን ቃል ሁሉ እንደ አረም ነቀለችው። ድግምት «ሥራ» ተባለ። ዘንዶው «ትልቁ»፣ አጋንንቱ «ጠባቂዎች»፣ የጨለማው ግንብ «ግቢው» ተባሉ። የነበልባል ዝናብ የሚባለው የራሄል ዋና ድግምት «ሥራ ቁጥር 4» ሆነ። የጀግኖቹ ስሞችም የአጋንንት ስም ስለሚመስሉ ተሰረዙ። ራሄል በስሟ ራሄል ሆነች፣ አብዱ «ባለ ጋሻው በሉኝ» አለ፣ ኬኔ ደግሞ ለራሷ «እኔ» ብላ ጻፈች። የቃላቱን ፍቺ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት አስፍራ ከዳይሶቹ ጋር ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተተቻት። በዚህ ብልሃቷ ሳምንት ሙሉ ስትኮራ ሰነበተች።

አሁን የመጨረሻውን ገጽ በኦቦ ጋሮማ ዓይን አነበበችው። እያንዳንዷን ቃል ታስታውሳለች።

«ራሄል በጓሮ አጥር ትገባለች። ሥራ ቁጥር 4 ጠባቂዎቹ ላይ። እሳቱ እንደተነሳ ባለ ጋሻው ዋናውን በር ይዘጋል፤ ማንም እንዳይወጣ። እኔ ከኋላ እቆማለሁ። ትልቁ ቢሮው ውስጥ ነው። አርብ ከትምህርት በኋላ እንጨርሰዋለን።»

ከሥሩ ካርታ አለ። ለመሳል እንዲቀል ብለው የጨለማውን ግንብ በትምህርት ቤታቸው ቅርጽ ሠርተውት ነበር፤ የግቢው በር፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የውሃ ሮቶው፣ ሁሉም በየቦታው። የዳይሬክተሩ ቢሮ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል።

ዛሬ ሐሙስ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከጉቶ ጊዳ ወረዳ በኩል ተኩስ ተሰምቶ ትምህርት ቤቱ ሁለት ቀን ተዘግቶ ነበር። በዚህ ሰሞን ሰው ሁሉ በር ሲንኳኳ ከመክፈቱ በፊት በቀዳዳ ያያል። እንዲህ ባለ ሰሞን እንዲህ ያለ ገጽ የሚያነብ ሰው ምን ያስባል?

የታላቅ ወንድሟ የሞሲሳ ነገር መጣባት። አምና በስልኩ ውስጥ በተገኘ አንድ ፎቶ የተነሳ መንገድ ላይ ተይዞ፣ ዘጠኝ ቀን የት እንዳለ ሳይታወቅ ቀረ። ፎቶው የጓደኛው ሠርግ ነው። ከሙሽራው ኋላ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ ሞሲሳ ዛሬም አያውቅም። ከተመለሰ ወዲህ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር አይጨርስም፤ «ነገ እኮ...» ብሎ ይተወዋል። እናቷም የአማርኛ ተረት የምትወድ ሰው ሳትሆን ከዚያ ወዲህ አንዷን ብቻ ይዛ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ትነግራታለች፦ ዝም አይነቅዝም።

«ስሚኝ» አለ ፊራኦል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ቶሎ ቶሎ ነው የሚናገረው። «አናውቅም ነው የምንለው። የእኔ ስም የለበትም። የአንቺም የለበትም።»

«የራሄል አለበት።»

«ራሄል የምትባል ስንት አለች!»

«እኛ ክፍል አንድ ናት። ደብተሩን ትናንት ዴስኬ ሥር ሳልረሳው አልቀረሁም።»

«እሷም አላውቅም ትበላ። ሁላችንም አላውቅም ካልን ማን ምን ያመጣል? አብዱ እንደሆነ ለአረፋ አገር ቤት ገብቷል፤ ነገ ነው የሚመለሰው። ነቄ በይ እንጂ!»

«ጽሑፉስ? የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው።»

«የስንት መቶ ተማሪ ደብተር ሊያገላብጡ ነው? አትፍሪ።» አትፍሪ ሲል ዓይኑ በሩ ላይ ነበር።

ራሄል ጠመኔ እንድታመጣ ተልካ ነበር። ጣቶቿን ነጭ አድርጋ በሩ ላይ ብቅ ስትል ከኋላዋ የጥበቃው ኦቦ ፉፋ ብቅ አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል፤ ይህን የሚያደርጉት ለቅሶ ሲሄዱ ብቻ ነው።

«ራሄል የምትባለው ማናት?»

«እኔ ነኝ» አለች ራሄል።

«ቦርሳሽን ያዢና ነይ።»

ራሄል ቦርሳዋን ልታነሳ ከኬኔ አጠገብ ስትደርስ ቀስ ብላ «ምንድነው አንቺዬ? ምን አድርጌ ነው?» አለቻት። ኬኔ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች። ጫማዋ ክር የለውም። ራሄል ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ እርምጃዋ ከኦቦ ፉፋ እርምጃ ጋር እየራቀ ሄደ።

ዕረፍት ሲደወል ኬኔና ፊራኦል ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ቆሙ። ካፊያው ጀምሯል። ከዚያ ሆነው የቢሮው መስኮት ይታያል፤ በመስኮቱ ውስጥ ራሄል ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አድርጋለች። አንድ ሞተር ሳይክል ጭቃ እየረጨ መጥቶ በረንዳው ሥር ቆመ። ጠመንጃ ያነገተ የቀበሌ ሚሊሻ ወርዶ እግሩን ጠራርጎ ገባ።

«ክብሪቱ የታለ?» አለ ፊራኦል።

«ኪሴ ውስጥ።»

«ሽንት ቤት ጣዪው። አሁኑኑ! ወረቀቷን ካገኙ ያንቺ እጅ ጽሑፍ ነው፣ አለቀልሽ። ለእኔም ለአንቺም ብዬ ነው።»

እሷም ሄደች። የምትሠራውን የሚነግራት ሰው በማግኘቷ እፎይ ብላ ነበር ማለት ይቻላል። የሴቶቹ ሽንት ቤት የመጨረሻዋ ክፍል ገብታ በሩን በእግሯ ያዘችና የክብሪቱን ቀፎ ጉድጓዱ ላይ ዘረጋችው። ዳይሶቹ ውስጡ ተንኳኩ። ጣቶቿን መክፈት ብቻ ነው። እዚያ የገባ ነገር ተመልሶ አይወጣም።

ግን ጣቶቿ ይዘው ቀሩ። ራሄል አሁን ምን እያለች ይሆን? አላውቅም ብትል ስሟ ተጽፏል። ጨዋታ ነው ብትል፣ የታለ ድግምቱ? የታለ ዘንዶው? ኬኔ በገዛ እጇ ነቅላ ጨርሳዋለች። ያ ደብተር ጨዋታ ስለመሆኑ በዓለም ላይ ያለው ምስክር ይህች ብጣሽ ወረቀት ብቻ ናት። የራሄል እናት ወለቴ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ በቆሎ ትጠብሳለች። ልጇ አሥር ደቂቃ ከዘገየች ከሰሉን ትታ መንገድ ላይ ትወጣለች። ዛሬስ ስንት ደቂቃ ትጠብቅ ይሆን?

ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ እስከ ዛሬ እንዲህ አስባው አታውቅም። ሞሲሳ በጠፋ በዘጠኙም ቀን ያ ሙሽራ ጓደኛው ቤቱ ነበር። አንድ ሰው ሄዶ «ፎቶው የእኔ ሠርግ ነው፤ ሰውየውን የጠራሁት እኔ ነኝ» ቢል ኖሮ ይበቃ ነበር። እሱ ግን ዝም አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ኬኔ ያን ሰው ዓመት ሙሉ ስትጠላው ኖራለች።

ስትወጣ ፊራኦል ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃታል።

«ጣልሽው?»

«አልጣልኩትም።»

«አብደሻል እንዴ?» እጇን ያዛት። «ፈዋሽ ከኋላ ነው የምትቆመው! ራስሽ አይደለሽ ሕጉን ያወጣሽው? አንቺ ከወደቅሽ ማን ያነሳሽ መሰለሽ?»

«አንተ ተራኪ አይደለህ?» አለች ኬኔ። ማልቀስ እየቃጣት ነው። «እስቲ ቀጥሎ የሚሆነውን ንገረኝ።»

ፊራኦል እጇን ለቀቀ።

ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ ቢሮው ስድሳ እርምጃ ያህል ነው፤ ካርታውን ስትስል ቆጥራዋለች። ዛሬ አላልቅ አለ። ሁለት ጊዜ ቆመች። በሁለተኛው ጊዜ እውነትም ልትመለስ ዞራ ነበር፤ ከዚያ መስኮቱ ውስጥ የራሄልን ማጅራት አየችና መልሳ ዞረች።

ኦቦ ፉፋ በሩ ላይ ናቸው። «ማል ባርባዳ፣ ኢንተሎ?» አሏት፤ ምን ፈለግሽ ልጄ እንደማለት ነው።

«ደብተሩ የእኔ ነው።» ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

ሽማግሌው ዘወር ብለው በሩ መዘጋቱን አዩ። «ደብተሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ አማርኛ ማንበብ አልችልም» አሉ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ። «ካርታውን ነው ያየሁት። ቀዩን ክብ። ምን ላድርግ፣ እኔም ልጆች አሉኝ።» ሌላ ቃል ሳይጨምሩ በሩን ከፈቱላት።

የራሄል ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ ተራግፏል። ሰማያዊው ደብተር ከኦቦ ጋሮማ ፊት ተዘርግቷል። ባለ ጠመንጃው መስኮቱ ሥር ጠመንጃውን ጉልበቶቹ መሃል አቁሞ ተቀምጧል። ራሄል ቀና አለች፤ አልቅሳለች። ምንም እንዳልተናገረች ኬኔ ከባዶው ወረቀት አወቀች፤ ኦቦ ጋሮማ እስክሪብቶ ይዘው አንድም ስም አልጻፉም።

ኬኔ የክብሪቱን ቀፎ አውጥታ ስትከፍተው ዳይሶቹ ወለሉ ላይ ወደቁ። አንደኛው ተንከባሎ ከባለ ጠመንጃው ቦት ጫማ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። ሰውየው ብድግ አለ። ራሄል ዓይኗን ጨፈነች።

«ጨዋታ ነው!» አለች ኬኔ። ጩኸት ሆኖ ነው የወጣው። «የሉዶ ዳይስ ነው! ፍቺው እዚህ ወረቀት ላይ አለ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሁሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

ኦቦ ጋሮማ ወረቀቷን ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ። አንዴ ወረቀቷን፣ አንዴ ደብተሩን እያዩ ቀስ ብለው አነበቡ። «ትልቁ፦ ዘንዶው። ጠባቂዎች፦ አጋንንት። ሥራ ቁጥር 4፦ የነበልባል ዝናብ፤ በቀን አንዴ ብቻ ይሠራል።» ቀና አሉ። «ዘንዶው የሚኖረው የእኔ ቢሮ ውስጥ ነው?»

«አዎ። ሰፊ ክፍል ስለሆነ ነው።»

ኦቦ ጋሮማ ወረቀቷን ደብተሩ ላይ አስቀመጧት።

«ታዲያ ለምን መጀመሪያውኑ ዘንዶ ብለሽ አልጻፍሽም?»

«እናቴ እንዳታይብኝ። ድግምት የሚል ነገር አትወድም።»

ኦቦ ጋሮማ መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አሹ። «ልጄ፣ ትናንት ከሰዓት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም» አሉ። «ይህ ደብተር በእኔ በኩል ሳያልፍ ሌላ ቦታ ቢደርስ ኖሮ...» አልጨረሱትም። ኬኔ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ቤቷ ለምዳዋለች፤ ቀሪውን ራሷ ጨረሰችው።

ባለ ጠመንጃው ዳይሱን አንስቶ መዳፉ ላይ አገላበጠው። «ስድስት ሲወጣ ምን ይሆናል?» አለ ራሄልን።

«እሳቱ ይይዛል» አለች ራሄል በቀጭን ድምፅ።

«አንድ ሲወጣስ?»

«ወደ ራሳችን ይመለሳል።»

ሰውየው ዳይሱን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠውና ተመልሶ ተቀመጠ። አመነ አላመነም ፊቱ አይናገርም።

«ሌላስ ማን አለ?» አሉ ኦቦ ጋሮማ። «ተራኪ የሚል አያለሁ።»

ኬኔ ወደ መስኮቱ አየች። ከመስተዋቱ ውጭ ዝናብ የመታው የፊራኦል ፀጉር ይታይ ነበር። «እሱን ራሱ ይናገር» አለች። ጭንቅላቱ ከመስኮቱ ጠፋ። ወደ በሩ ይሁን ወደ አጥሩ አልታወቀም።

ኦቦ ጋሮማ ባዶውን ወረቀት ወደ እሷ ገፉት። «የእናትሽን ስልክ ጻፊ። መጥተው እጅ ጽሑፉ ያንቺ መሆኑን በፊታችን ያረጋግጡ። ያን ጊዜ ራሄል ትሄዳለች። እስከዚያ ሁለታችሁም እዚሁ ናችሁ።»

ኬኔ ከራሄል አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጠች። እናቷ ስልኩን ስታነሳ ታያት፤ «ትምህርት ቤት» የሚለውን ቃል ስትሰማ እንደ አምናው ግድግዳ ስትይዝ። ከዚያ ድግምቱ አለ። ከዚያ ዝም አይነቅዝም አለ። አንድ ቁጥር ብትሳሳት ስልኩ ሌላ ሰው ቤት ይጮሃል፤ በድንጋጤ ነው ትላለች፤ የእናቷ መምጣት ለከሰዓት፣ ምናልባትም ለነገ ይተላለፋል። ራሄል ግን እዚህ ወንበር ላይ ናት።

ራሄል አንድ እጇን ከጭኗ ሥር አውጥታ የኬኔን ወንበር ጠርዝ ያዘች። ጣቶቿ ላይ አሁንም ጠመኔ አለ።

ኬኔ መጻፍ ጀመረች። ዘጠኝ ቁጥር ድረስ ሄደችና እስክሪብቶው ቆመ። ከዚያ አሥረኛውን ጻፈችው፤ ሦስት፣ ትክክለኛውን፣ ማንም ስምንት ብሎ እንዳያነበው አጥርታ።